የተላከችው ወፍና ያረፈችው ወፍ፤ ስለ ሰላምና ስለ ነጻነት ምልክት በዘፈን ግጥም

በዘፈን ግጥም ውስጥ ወፍ ስትነሣ ሰሚው ወዲያው ሁለት ነገር ያስባል፤ ሰላምንና ነጻነትን። ሁለቱ በአንድ ክንፍ ላይ የተጫኑ ይመስል ሁልጊዜ አብረው ይጠራሉ። የሰላም በዓል ሲከበር ርግብ ትለቀቃለች፤ ስለ ነጻነት ሲዘመርም ያችው ርግብ ትጠራለች። ነገሩ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ትክክል መሆኑን የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፥ ሰላምና ነጻነት በአገራችን ዘፈን ውስጥ የአንዲት ወፍ ሁለት ስሞች አለመሆናቸውን ነው። የሰላም ወፍ ተልካ የምትመለሰው ናት። የነጻነት ወፍ ግን ማረፊያ አግኝታ የምትቀረው ናት። የዘፈናችን ግጥም የመጀመሪያይቱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሁለተኛይቱን ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ነገሩን የምንመለከተው ከለገጣፎ ሆነን ነው። ለገጣፎ በምሥራቅ፥ ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፥ ቡራዩ በምዕራብ፥ ሱሉልታ በሰሜን ሆነው አዲስ አበባን እንደ መቀነት ይከቧታል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር በተባለ አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ይኸንን አካባቢ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ በዚህ የአማርኛና የኦሮምኛ ዘፈን በአንድ መንገድ ላይ፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ሰርግ ቤት ይሰማል። የለገጣፎ ስም ራሱ ሲጀምር «ለገ» የሚለው በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ሁለተኛው፥ በዚህ አካባቢ ወፍ ቃል ብቻ አይደለችም። በቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ የውኃ ግድብ፥ የሱሉልታ ሜዳና ከሰበታ ወዲያ ያለው የመናገሻ ደን በወፍ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቁ ስፍራዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይም በዚሁ አካባቢ ይታያል። ስለዚህ ገጣሚው ስለ ወፍ የተናገረውን ወፏ ራሷ ከምታደርገው ጋር ለማነጻጸር ቦታው የተመቸ ነው።

ከሥሩ ለመጀመር ያህል ወደ ኖኅ ርግብ እንመለስ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 8 እንደተተረከው ኖኅ አስቀድሞ ቁራን፥ ቀጥሎም ርግብን ሰደደ። ርግቢቱ የተላከችው ሦስት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የምታርፍበት ደረቅ ስፍራ አጥታ ተመለሰች። በሁለተኛው የወይራ ቅጠል ይዛ ተመለሰች። በሦስተኛው ጊዜ ግን አልተመለሰችም። ሥዕልና ዘፈን ሁሉ የሚያስታውሰው ሁለተኛውን በረራ ብቻ ነው፤ በአፏ ቅጠል የያዘችው ርግብ የሰላም ምልክት የሆነችው ከዚያ ተነሥታ ነው። ሦስተኛውን በረራ ማንም አይሥለውም፤ ከመርከቡ መስኮት የሚታይ ነገር የለበትምና። ነገር ግን ነጻ የወጣችው በዚያ በሦስተኛው ቀን ነበረች። በሁለተኛው ጊዜ ለኖኅ የምሥራች ይዛለት መጣች፤ በሦስተኛው ጊዜ ለራሷ ዛፍ አገኘች።

የእኛ ሰው ደግሞ ተልኮ ስለ ቀረ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ከባድ ነው። መልእክት ይዞ ሄዶ የጠፋውን «የቁራ መልእክተኛ» ይለዋል። በዚህ አነጋገር አለመመለስ ጥፋት ነው፤ ታማኝነት የሚለካው በመመለስ ነው። ወደ ፊት እንደምናየው ይኸ ፍርድ በዘፈናችን ውስጥ ወፏን እስከ ዛሬ አስሮ ይዟታል።

ከኖኅ ርግብ ቀጥሎ ሊታወሱ የሚገባቸው የቅዱስ ያሬድ ሦስት ወፎች ናቸው። ያሬድ በ6ኛው ምእት ዓመት በአክሱም፥ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን እንደነበረ ይተረካል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከገነት የተላኩ ሦስት ወፎች በሰው ቋንቋ አነጋግረው ዜማን አስተምረውታል፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም ከዚሁ ጋር ተያይዘው ይነገራሉ። ስለዚህ በእኛ ትውፊት ወፍ የዘፈን ርእስ ከመሆኗ በፊት የዜማ መምህር ናት። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን የታሪኩ መጨረሻ ነው። ያሬድ ሲያዜም እርሱም ንጉሡም በዜማው ከመመሰጣቸው የተነሣ የንጉሡ ጦር የያሬድን እግር ወግቶ ደሙ ሲፈስስ ሁለቱም አላወቁም። በኋላ ንጉሡ ደንግጦ ስለ ፈሰሰው ደምህ የምትሻውን ጠይቀኝ ቢለው፥ ያሬድ ሀብትም ሹመትም አልጠየቀም፤ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በምናኔ እንዲኖር ፈቃድ ለመነ። ንጉሡም እያዘነ ፈቀደለት፤ ያሬድም ወደ ሰሜን ሄደ። ልብ ብሎ ላነበበው ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮች በተራ ይገኛሉ፤ ወፎቹ ዜማ ሰጡ፤ ዜማው በጦር ተወጋ፤ የተወጋው ሰውም ነጻነቱን ጠየቀ። ነጻነት ማለት እዚህ ላይ በሰማይ መንሳፈፍ አይደለም፤ ፈቅዶ የመረጡት ቦታ ሄዶ መኖር ነው።

አሁን ወደ ዓለማዊው ዘፈን እንሻገር። በእንጉርጉሮና በናፍቆት ዘፈን ወፍ ከሁሉ አስቀድማ መልእክተኛ ናት። ዘፋኙ ወንዝ፥ ተራራ ወይም ድንበር ከወዳጁ ለይቶት ሳለ ወፏን ይጠራና አደራ ይሰጣታል። እዚህ ላይ የሚበዙት ግሦች ምን ዓይነት እንደሆኑ ይስተዋል፤ ድረሺልኝ፥ ንገሪልኝ፥ አድርሺልኝ የመሳሰሉት ናቸው። በእነዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ «ልኝ» አለ። ይኸ ትንሽ ምዕላድ ብዙ ይናገራል። ወፏ የምትበርረው ለራሷ ሳይሆን ለዘፋኙ ነው። ክንፉ የእርሷ ነው፤ ጉዳዩ ግን የእርሱ ነው። ከዚህም የተነሣ ስለ ወፍ ነጻነት የተዘፈነ የሚመስለን ብዙ ግጥም በእውነቱ የዘፋኙን እስራት የሚለካ ነው። ወፏ ከፍ ባለች ቁጥር በምድር የቀረው ሰው ምን ያህል እንደ ተዘጋበት ይታወቃል። ይኸ የግጥሙ ድክመት ነው አንልም፤ እንዲያውም ኀይሉ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደት በተበተኑበት ጊዜ ይኸው የገጠር መልእክተኛ ውቅያኖስ ለመሻገር የበቃው ስለዚህ ነው። ነገር ግን መልእክተኛን ነጻ ብሎ መጥራት የቃል ስሕተት ነው።

ሌላው ሊስተዋል የሚገባው የጾታ አነጋገር ነው። የናፍቆት ዘፈን «ወፊቱ» ይላል፤ ቀረርቶና ፉከራ ደግሞ «አሞራው» ይላል። በፉከራ ጀግናው ጥንብ አንሣውን ወደ ጦር ሜዳ እንደ እንግዳ ይጠራዋል፤ የጠላት ሬሳም ለእርሱ የተዘጋጀ ግብዣ ሆኖ ይነገራል። ስለዚህ ያው ሰማይ በአንድ ሕዝብ ዘፈን ውስጥ ሁለት ክንፎችን ይዟል፤ የምታስታርቀውን ሴቲቱን ወፍና የሚጠብቀውን ወንዱን አሞራ። ክንፍ ያለው ሁሉ ሰላም ነው የሚል ሰው ሽለላ ሲባል ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው።

ገበሬውም የራሱ ምስክርነት አለው። በማሽላ አገር እሸት በደረሰ ጊዜ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያጮኹ ግሪሳን ያባርራሉ። ግሪሳ በመንጋ ወርዳ የዓመቱን ድካም በጥቂት ቀን የምትጨርስ ወፍ ናት። ለማማው ጠባቂ ወፍ ነጻነት አይደለችም፤ የእርሱን እንጀራ የምትነጥቅ ናት። የከተማ ገጣሚ ወፍን ሁሉ የዋህ አድርጎ ሲዘፍን፥ በማማ ላይ ያደገ ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ምልክት እውነት የሚኖረው የምልክቱን ተቃራኒም ሲያውቅ ነው።

በዚህ በሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ትምህርት የምትሰጥ ወፍ አለች። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይን ሰው «የመስቀል ወፍ» እንለዋለን። በዘፈንም የመስቀል ወፍና አደይ አበባ የክረምት መውጣት፥ የተስፋ መምጣት ምልክቶች ናቸው። በብዙ ቦታ በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ግን ከሌላ አገር የሚመጡ አይደሉም። ወንዶቹ በክረምትና በመስከረም ለመራባት ቢጫና ጥቁር ወይም ቀይና ጥቁር ላባ ይለብሳሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ጥለው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ በዚያው ሣር ውስጥ ይኖራሉ፤ የሚያያቸው ግን የለም። ይኸ ለሂስ ሰው ትልቅ ምሳሌ ነው። ወፏ አልሄደችም፤ እኛ ነን ያለ ጌጥ ስናያት ያላወቅናት። ስለ ሰላምና ስለ ነጻነት የሚዘፈኑት ግጥሞች ብዙዎቹ እንዲሁ በበዓል ልብስ ብቻ የሚያውቋቸው ናቸው። ቡናማዋን ወፍ፥ ማለት በአዘቦት ቀን ያለውን ሰላም፥ በሰላም ወጥቶ በሰላም መግባትን፥ የዘፈነ ጥቂት ነው።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር ላይ ሁለት ቃሎች ጎን ለጎን አስቀምጦልናል። ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ድጋፍ በእግሩ ሲቆም ቤተ ሰቡ እያጨበጨበ «ወፌ ቆመች» ይላል። እዚህ ላይ ወፍ የምትመሰገነው ስለ በረረች ሳይሆን ስለ ቆመች ነው። ሁለተኛው ቃል «ወፌ ላላ» ነው። በደርግ ዘመን፥ በተለይም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት፥ እጅና እግሩ አንድ ላይ ታስሮ በዘንግ ላይ ተዘቅዝቆ የተሰቀለ ሰው ውስጥ እግሩን የሚገረፍበት የሥቃይ ዓይነት በዚህ ስም ተጠርቷል። የሚቆምበትን እግር የሚያጠፋውን ሥራ ሕፃን ቆመ ብለን በምንደሰትበት ቃል ጠሩት። ከዚህ በኋላ በአማርኛ ወፍ የሚለውን ቃል በየዋህነት ብቻ መዝፈን አይቻልም። ያንን ዘመን ያየ ሰሚ በአንድ ጆሮው የእናቱን ጭብጨባ፥ በሌላው ደግሞ ሌላውን ድምፅ ይሰማል። ጥሩ ገጣሚ ይኸንን ሊያውቅ ይገባዋል።

ሌላው ዓለምስ? ዛሬ በየመድረኩ የምናያት ነጭ ርግብ በአብዛኛው የመጣችው ከቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል አይደለም። ፓብሎ ፒካሶ የሠራት ርግብ እ.ኤ.አ. በ1949 በፓሪስ ለተደረገው የዓለም የሰላም ጉባኤ ማስታወቂያ ሆና ከዚያ በዓለም ሁሉ ተሰራጨች። ለዚያ ሥዕል መነሻ የሆነችውን ርግብ ለፒካሶ የሰጠው ሠዓሊው ማቲስ እንደነበረ ይታወቃል። ይኸች ርግብ የፖስተር ርግብ ናት፤ ያለ ዛፍና ያለ ምድር፥ በባዶ ወረቀት ላይ የተቀመጠች።

ከዚህ የሚለዩ ሁለት ዘፈኖች እንጥቀስ። የመጀመሪያው «የወፎች ዝማሬ» የሚባለው የካታሎንያ የልደት መዝሙር ነው። በግጥሙ ወፎቹ የሚያበሥሩት የክርስቶስን መወለድ እንጂ ፖለቲካን አይደለም። ነገር ግን የቼሎ ሊቅ የነበረው ፓብሎ ካሳልስ እ.ኤ.አ. በ1939 ፍራንኮ ካሸነፈ በኋላ በስደት ሆኖ ደጋግሞ ስለ ተጫወተው የናፍቆትና የነጻነት ዜማ ሆነ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1971፥ በ94 ዓመቱ፥ በተባበሩት መንግሥታት አዳራሽ ሲጫወተው የአገሩ ወፎች በሰማይ ሰላም እያሉ እንደሚያዜሙ ተናግሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ሳይመለስ ሞተ። ሁለተኛው የቦብ ማርሊ «ሦስት ትንንሽ ወፎች» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 «ኤክሶደስ» በተባለው አልበም ወጣ። የእኛ ሰው የያሬድን ሦስት ወፎች ቢያስታውስ ተገቢ ነው፤ እኛን የሚገርመን ግን ቁጥሩ አይደለም። የማርሊ ወፎች አይበርሩም፤ በደጃፉ አርፈው ያዜማሉ። ወደ አባቶች አገር መመለስን ሃይማኖቱ ያደረገ፥ በዓመቱም ሻሸመኔን መጥቶ ያየ ዘፋኝ፥ ነጻነትን ሲመኝ የታየው ክንፍ ሳይሆን ደጃፍ ነበር።

እዚህ ላይ ለምን ይኸን ያህል ስለ አንዲት ምልክት እንደክማለን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን በቅርቡ ታሪካችን ውስጥ ነው። በሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ በአሥመራ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። በሐምሌ 11 ከ20 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ ወደ አሥመራ ሲሄድ አውሮፕላኑ የሰላም ወፍ ተብሎ ተጠራ። የተለያዩ ቤተ ሰቦች ተቃቀፉ፤ ደስታውም እውነተኛ ነበር። በመስከረም 1 ቀን 2011 የየብሱ ድንበር ተከፈተ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ተመልሶ ተዘጋ። በጥቅምት 2013 በሰሜን የተነሣው ጦርነት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ብዙ ሕይወት አጠፋ። የአሥመራውም በረራ በነሐሴ መጨረሻ 2016 ተቋረጠ። ያች የሰላም ወፍ በሰማይ ተመላለሰች፤ በምድር ግን እግር የሚሄድበት መንገድ አልጸናም። በኖኅ አቆጣጠር ብንናገር፥ ገና በመጀመሪያው በረራ ላይ ነበርን፤ እኛ ግን ሁለተኛው ነው ብለን ዘፈንን።

ወደ ከተሞቻችን እንመለስ። ከዚህ አካባቢ ጋር የተያያዘው የዘመናችን ታላቅ የነጻነት ዘፈን የሃጫሉ ሁንዴሳ «ማላን ጂራ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ፥ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም በተነሣው እንቅስቃሴ ውስጥ በብዙ ሺሕ አንደበት ተዘፈነ። ዘፋኙም በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገደለ። ዘፈኑ ላይ ላዩን የፍቅረኞች መለያየት ነው፤ ውስጡ ግን የመሬትና የመፈናቀል ጥያቄ ነው። አማርኛችን ሰምና ወርቅ የሚለውን መንገድ እዚህም እናገኘዋለን። ኀይሉ የቆመው በክንፍ ላይ አይደለም፤ በቦታ ስም ላይ ነው። ኦሮምኛ ለወፍ ሲምቢሮ፥ ለርግብም ጉጌ የሚል ቃል አለው፤ ነገር ግን የነጻነት ነገር ሲነሣ ይኸ ዘፈን ወደ ሰማይ ከማየት ይልቅ ምድሩን በስሙ ጠራ። አሊ ቢራም መጠሪያውን ያገኘው በልጅነቱ ከዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈኑ እንደሆነ ይታወቃል፤ ቢራ በኦሮምኛ ከክረምት በኋላ ያለው ወቅት ነው፤ በአማርኛም ብራ የጠራ ቀን ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ቃል መገናኘታቸው ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ነው።

በአማርኛ ጎጆ ማለት የሰው ቤትም የወፍ ቤትም ነው። አዲስ ተጋቢዎችን ጎጆ ወጡ እንላለን። ይኸ ቃል እያለን የነጻነት ዘፈናችን ወፏን ከጎጆዋ ለይቶ በአየር ላይ ብቻ ማንጠልጠሉ ለምን ይሆን? ለገጣፎ ይኸንን ጥያቄ ከመጽሐፍ አልተማረችውም። በአንድ በኩል ከተማው እየሰፋ ሲመጣ እርሻውን የለቀቀ ገበሬ አለ። በሌላ በኩል በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ ተብለው ቤቶች ሲፈርሱ ሜዳ ላይ የቀረ ነዋሪ ነበረ። ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ቋንቋ ቢናገሩና እርስ በርሳቸው ቢወቃቀሱም፥ ያጡት ነገር አንድ ስም አለው፤ ጎጆ። ለእነዚህ ሰዎች ፊት ቀርቦ ነጻነት እንደ ወፍ መብረር ነው ብሎ የሚዘፍን ሰው ልባቸውን አያገኘውም። መብረሩንማ ሳይወዱ በረውታል።

በዚህ ላይ ሊቀርብ የሚችል ተቃውሞ አለ። ምልክት ምልክት ነው፤ ርግብን እንደ ሕግ ሰነድ አትመርምሯት የሚል ይኖራል። እውነት ነው፥ ዘፈን ክርክር አይደለም። ነገር ግን ዘፈን ከክርክር ይልቅ በሕዝብ ልብ ውስጥ ረዥም ዕድሜ አለው፤ በእርሱ የተማርነውን ምኞት በሌላ መንገድ ለማረም ያስቸግራል። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባል የለምን? የአገራችን ወፍ የአገራችንን ነገር ትናገር ዘንድ መጠየቅ ገጣሚን ማሰር አይደለም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን የሆኑ ተማሪዎችና መምህሮቻችን የዘፈን ግጥም ሲመረምሩ ወፍ ባገኙ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች እንዲጠይቁ እናሳስባለን። ማን ላካት? ስትመለስ ምን ይዛ መጣች? ካልተመለሰችስ የት አረፈች? በመጀመሪያው ጥያቄ ናፍቆትን፥ በሁለተኛው ሰላምን፥ በሦስተኛው ነጻነትን መለየት ይቻላል። ሥራው በመጽሐፍ ብቻ የሚጠናቀቅ አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኢትኖሎጂ ማኅበራቸው አማካይነት የየአገራቸውን ልማድ እየሰበሰቡ እንደ ጻፉ ሁሉ፥ ዛሬም በለገጣፎ፥ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ካሉ አረጋውያንና እናቶች፥ በአማርኛም በኦሮምኛም፥ ወፍ የምትነሣባቸውን የሥራ፥ የሰርግና የእሹሩሩ ዘፈኖች መሰብሰብ ይገባናል። በተለይም ወፏ አርፋ፥ ጎጆ ሠርታ፥ ጫጩት ስታወጣ የሚናገር ዘፈን የሰማ ሰው ቢኖር ጽፎ ያምጣልን፤ ለሚቀጥለው ጥናታችን ከሁሉ የሚያስፈልገን እርሱ ነው።